የመርሳት በሽታ በደም ምርመራ ይለያል?

የአንባቢያን ጥያቄ ከሐኪም መልስ ጋር

ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ዋነኛ የሆነውን አልዛይመርን በደም ስለሚለዩ ምርመራዎች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች እየበዙ በመምጣታቸው የዚህን ዕትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ አጥረው ቀርበዋል፤ የጸሐፊዎቹም ስም አልተጠቀሰም።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የተነገራትን ቶሎ ትረሳለች፤ የጠየቀችውን መልሳ መላልሳ ትጠይቃለች፤ በቅርቡ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒቷን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንደምትውጥ ደረስንበት። አልዛይመር በደም ምርመራ እንደሚታወቅ ሰምተን ሐኪሟን ብንጠይቀው መጀመሪያ ሌሎች ምርመራዎችን አዘዘ። የተሻለ መንገድ እያለ በአሮጌው የምንጉላላ መስሎናል። ምርመራው በእርግጥ የሚታመን ነው? ከታመነስ ለምን በእሱ አይጀመርም?

መልስ፦ ምርመራው የሚታመን ነው፤ ሐኪሙም ትክክል ናቸው። ሁለቱ የማይጋጩት የደም ምርመራው የሚመልሰው ጥያቄ እርስዎ ከጠየቁት እጅግ የጠበበ በመሆኑ ነው። እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት እናትዎ ለምን እንደሚረሱ ነው፤ ምርመራው የሚናገረው ግን አልዛይመርን የሚያስከትለው የፕሮቲን ክምችት በአንጎላቸው ውስጥ የመኖሩን ዕድል ብቻ ነው። አንድ ሰው የመርሳት በሽታ አለበት የሚባለው በማስታወስና በማሰብ ችሎታው ላይ የደረሰው ጉዳት የዕለት ኑሮውን እስከ ማወክ መድረሱ ሲረጋገጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ከደም ናሙና ማንበብ አይቻልም።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ በሽታው ለሙያ ባልደረቦቹ ሲናገር በእጁ የነበረው ማስረጃ ከሞተች ታካሚው አንጎል የተወሰደ ናሙና ነበር። በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል የተጋገረ ክምችት፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ የተወሳሰቡ ክሮች ተመልክቶ ነበር። የመጀመሪያው አሚሎይድ ቤታ፣ ሁለተኛው ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ መሆኑ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ታወቀ። እነዚህን ለውጦች በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማየት የተቻለው ግን ዘግይቶ ነው፤ ይኸውም ከጀርባ አጥንት በመርፌ በሚቀዳ ፈሳሽ ወይም በአንጎል ውስጥ ያለውን አሚሎይድ በሚያሳየው ፔት ስካን ነው። አንደኛውን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ሁለተኛው እጅግ ውድ ከመሆኑም በላይ መሣሪያው የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ነው።

ከደም ማወቅ ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው ከአንጎል ወደ ደም የሚያልፈው ፕሮቲን መጠኑ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው፤ የሚለካው በፒኮግራም፣ ማለትም በአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። አሚሎይድ ቤታ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ይህን ፕሮቲን ከአንጎል ውጭ ያሉ ሕዋሳትም፣ ለምሳሌ ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕሌትሌቶች፣ ስለሚያመርቱት በበሽተኛና በጤነኛ ሰው ደም መካከል የሚታየው ልዩነት ጠባብ ነው። ነገሩን የለወጠው ታው ነው። በታው ሰንሰለት ላይ 217ኛው አሚኖ አሲድ ፎስፌት ሲጣበቅበት ፒ-ታው 217 ይባላል፤ የዚህ ዓይነቱ ታው መጠን በአንጎል ውስጥ አሚሎይድ በተከማቸበት ሰው ደም ውስጥ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ከእሱ ቀድሞ ሲጠና የነበረው ፒ-ታው 181 ተመሳሳይ ነገር ቢያሳይም ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ አይወጣም።

ማስረጃው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በስዊድን 1,213 የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ታትሟል። በጥናቱ ሐኪሞች እንደ ልማዳቸው መርምረው፣ የማስታወስ ፈተና ሰጥተውና የራስ ቅል ሲቲ ስካን አይተው ግምታቸውን እንዲጽፉ ተደረገ፤ ከዚያም ግምታቸው ከጀርባ ፈሳሽና ከፔት ስካን ውጤት ጋር ተነጻጸረ። የጤና ጣቢያ ሐኪሞች 61 በመቶ ያህል፣ የመርሳት በሽታ ስፔሻሊስቶች 73 በመቶ ያህል ትክክል ሲሆኑ፣ ፒ-ታው 217ን ከአሚሎይድ ጋር አጣምሮ የሚለካው የደም ምርመራ 90 በመቶ ገደማ ደርሷል። ለሙያው ሰዎች ይህ ደስ የማይል ቁጥር ነው፤ ቢሆንም መታወቅ አለበት። በቀጣዩ ዓመት፣ በግንቦት 2025፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን የአልዛይመር የደም ምርመራ ፈቀደ። ምርመራው የፒ-ታው 217ን መጠን ለአሚሎይድ ቤታ 42 ያካፍላል። ለፈቃዱ መነሻ በሆነው የ499 ሰዎች ናሙና፣ ምርመራው «አለ» ካላቸው 91.7 በመቶው፣ «የለም» ካላቸው ደግሞ 97.3 በመቶው በፔት ስካን ወይም በጀርባ ፈሳሽ ተረጋግጧል።

ይሁንና የፈቃዱን ቃል ልብ ይበሉ። የተፈቀደው ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የመርሳት ምልክት ለሚታይባቸውና በስፔሻሊስት ክትትል ላይ ላሉ ሰዎች ነው፤ ውጤቱም ከሌሎች የሕክምና መረጃዎች ጋር ተዳምሮ መነበብ አለበት ይላል። እንዲህ የተባለበት ምክንያት ከእናትዎ ሁኔታ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አሚሎይድ ያለበት ሰው ሁሉ የሚረሳ አይደለም። የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው የማስታወስ ችሎታቸው ደህና ከሆኑ ሰዎች መካከል አሚሎይድ የሚገኝባቸው በ50 ዓመት ዕድሜ 10 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ90 ዓመት ወደ 44 በመቶ ይደርሳሉ። ስለዚህ በ74 ዓመታቸው የሚረሱ ሴት ደማቸው «አለ» የሚል ውጤት ቢያመጣም፣ በዚህ ወቅት እያስረሳቸው ያለው ነገር የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ለአለርጂ ወይም ለሽንት ፊኛ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ሌላው ቀርቶ የመስማት መቀነስ እንኳ ተመሳሳይ መልክ ያመጣሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው። በአልዛይመር ምርመራ ተጀምሮ «አለ» የሚል ወረቀት ቢመጣ፣ ቤተሰቡም ሐኪሙም መፈለጉን የሚያቆሙበት አደጋ አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው።

በቅደም ተከተል ሐኪሙ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ለታካሚዋ ጥቂት ቃላት ነግረው ከደቂቃዎች በኋላ ይጠይቋቸዋል፤ የሰዓት መልክ አስለው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንዲያሳዩበት ያዛሉ፤ ከዚያ እርስዎን ለብቻ አድርገው ስለ ገንዘብ አያያዛቸው፣ ስለ ስልክ አጠቃቀማቸው፣ የለመዱት ሰፈር ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው እንደሆነ ይጠይቁዎታል። ተራ የደም ምርመራና የአንጎል ምስል ይከተላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ካልተለየ የፒ-ታው ምርመራ ቦታው ያኔ ነው፤ ያኔም ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የግፊት መድኃኒት በድርብ መውሰድ ግፊትን ከልክ በላይ አውርዶ ራሱ ሊያዞርና ሊያደናግር ስለሚችል ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ መድኃኒቱንም ከእንግዲህ በየቀኑ ቆጥሮ የሚሰጣቸው ሌላ ሰው ይሁን።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፤ ምንም አይሰማኝም። አባቴ ግን በአልዛይመር ታሞ ነው የሞተው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የደም ምርመራውን የሚሠሩ ድርጅቶች ማስታወቂያ እያየሁ ነው። ቀድሞ ማወቅ አይሻልም?

መልስ፦ ምልክት ለሌለው ሰው አልመክርም፤ የምቃወመውም በስሌት ነው። በሽታው ካለባቸው 90 በመቶውን የሚይዝ፣ ከበሽታው ነጻ ከሆኑትም 90 በመቶውን በትክክል የሚለይ ጥሩ ምርመራ አለ እንበል። ምርመራው የማስታወስ ክሊኒክ ውስጥ ለተገኙ 1,000 ሰዎች ቢደረግና ከመካከላቸው 600ው የአልዛይመር ለውጥ ያለባቸው ቢሆኑ፣ 540ዎቹን በትክክል «አለ» ይላል፤ ከቀሩት 400 ደግሞ 40ውን በስሕተት «አለ» ይላል። «አለ» ከተባሉት 580 ሰዎች 93 በመቶ ያህሉ እውነት ነው ማለት ነው። ያንኑ ምርመራ ምንም የማይሰማቸው፣ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ 1,000 ሰዎች ቢያደርጉትና ለውጡ በ100ዎቹ ብቻ ቢኖር፣ 90ውን በትክክል፣ ከ900ዎቹ ነጻ ሰዎች ደግሞ ሌላ 90 በስሕተት «አለ» ይላል። ከሁለት አንዱ ስሕተት ነው። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጡት ተመርማሪዎቹ ናቸው። ማስታወቂያዎቹ የመጀመሪያውን ስሌት ቁጥር እየጠቀሱ ሁለተኛውን ምርመራ ይሸጣሉ።

ውጤቱ እውነተኛ «አለ» ቢሆን እንኳ ትርጉሙ አከራካሪ ነው። የአሜሪካ አልዛይመር ማኅበር የጠራቸው ባለሙያዎች በ2024 ባወጡት መመዘኛ በሽታው በባዮሎጂ ይተረጎማል፤ የፒ-ታው 217 መጨመርም በሽታው መጀመሩን ለማመልከት ይበቃል። በዚያው ዓመት ሌላ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ይህን ተቃውሞ፣ ምልክት የሌለው ሰው ተጋላጭ እንጂ በሽተኛ ሊባል አይገባም ብሏል፤ ምክንያቱም አሚሎይድ ከተገኘባቸው ጤነኛ ሰዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምልክቱ ሳይታይባቸው ይኖራሉ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። ይህን ያህል በሚለያዩበት ጉዳይ እንኳ ሁለቱም ወገኖች ምልክት የሌለውን ሰው በተራ ሕክምና እንዲህ መመርመር እንደማይገባ ይስማማሉ።

ስለ ዘር ከሆነ የተጨነቁት፣ እሱ በፒ-ታው አይታወቅም። አልዛይመር በቀጥታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸው ሦስት ዘረ መሎች ቢኖሩም እጅግ ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ በእነዚያም ቤተሰቦች በሽታው ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። የአባትዎ ሕመም የጀመረው በእርጅና ከሆነ የእርስዎ ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ከፍ ይበል እንጂ የተወሰነ ዕጣ አይደለም። ለምርመራው ያሰቡትን ገንዘብ የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎን፣ የኮሌስትሮልዎን መጠንና ጆሮዎን ለመመርመር ቢያውሉት ይሻላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እንደገመተው በዓለም ላይ ከሚከሰተው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር ይያያዛል፤ የጠቀስኳቸው አራቱም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ 79 ዓመቱ ነው፤ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው፤ የልብ ድካም መድኃኒትም ይወስዳል። ስፔሻሊስቱ የፒ-ታው 217 ምርመራ አዘዘለት፤ ውጤቱ ግን «አለ»ም «የለም»ም ሳይሆን «መካከለኛ» ይላል። ደሙ ተበላሽቶ ነው ወይስ በሽታው በጅምር ላይ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። የእነዚህ ምርመራዎች የውጤት ወረቀት ሁለት መስመሮች አሉት፤ ከታችኛው በታች ያለ «የለም»፣ ከላይኛው በላይ ያለ «አለ» ይባላል፤ በሁለቱ መካከል የወደቀውን ግን ምርመራው ሊፈርድበት አይደፍርም። ከላይ በጠቀስኩት የ499 ሰዎች ጥናት እንኳ ከመቶ እስከ ሃያ የሚጠጉት እዚህ ወድቀዋል። እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ ግን ምርመራውን የሚያስከብረው ይህ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ቢኖረው እነዚያ ሰዎች ሁሉ በግምት ወደ አንዱ ጎን ይጣሉ ነበር።

በአባትዎ ዘንድ ግን የኩላሊቱን ነገር መርሳት አይገባም። ኩላሊት ሲደክም እነዚህ ፕሮቲኖች ከደም የሚጠሩበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በአንጎል ውስጥ ምንም የተጨመረ ነገር ሳይኖር ፒ-ታው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት በተቃራኒው የደሙን መጠን ስለሚያበዛ ፕሮቲኑን ያቀጥነዋል። አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ፒ-ታው 217ን ብቻውን ከመለካት ይልቅ ፎስፌት ካልተጣበቀበት ታው ጋር እያነጻጸሩ መስጠታቸው ይህን ስሕተት በከፊል ለማረም ነው። መድኃኒቱም የራሱ ድርሻ አለው። ለልብ ድካም ከሚሰጡት መካከል ሳኩቢትሪል እና ቫልሳርታን የተጣመሩበት መድኃኒት አሚሎይድን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚገታ፣ በደም ውስጥ ያለውን የአሚሎይድ ልኬት ያዛባል፤ በፒ-ታው 217 ላይ ግን ይህ አይታይም። አባትዎ የሚወስዱት ይህንን ከሆነ ስፔሻሊስቱ ማወቅ አለባቸው። መድኃኒቱን ለምርመራ ሲባል በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ልብን አደጋ ላይ መጣል ነውና ፈጽሞ አይደረግ።

ስለ ደሙ መበላሸት የጠየቁትም ከንቱ ጥርጣሬ አይደለም። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ፕላዝማው፣ ማለትም ፈሳሹ የደም ክፍል፣ በጊዜው ተለይቶ ካልቀዘቀዘ አሚሎይድ ይቀንሳል፤ በናሙና መያዣው ግድግዳ ላይም ይጣበቃል። ፒ-ታው ከእሱ ይልቅ ይጸናል። ናሙናው ሩቅ ወደሆነ ቤተ ሙከራ የተላከ ከሆነ እንዴት እንደተጓዘ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ፔት ስካን ወይም የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ነው፤ ይህም ውጤቱ ሕክምናውን የሚለውጥ ሆኖ ሲገኝ ነው። የጀርባውን መርፌ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል። መርፌው የሚገባው የሕብለ ሰረሰሩ ግንድ ካበቃበት በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስከትለውም ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ራስ ምታት ነው። አባትዎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በግልጽ እየተለወጠች ነው፤ ምርመራው ግን «የለም» አለ። ደህና ናት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከመርሳት በሽታ 60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው ይባላል፤ የቀረው ሌላ ነው፤ እነዚህ ምርመራዎች ደግሞ እሱን አያሳዩም። በአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት የሚመጣው በኤምአርአይ ይታያል። ሌዊ አካላት በሚባሉ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚከማቹ የፕሮቲን እብጠቶች የሚመጣው፣ ማለትም የሌለ ነገር ማየት፣ በእንቅልፍ ውስጥ መወራጨትና የአካል መገተር የሚታይበት ዓይነት፣ የሚጠረጠረው ከምልክቶቹ ነው። በመጀመሪያ ጠባይንና ንግግርን የሚለውጠው የፊተኛው አንጎል መመንመንም በተራ ሕክምና የሚያገለግል የራሱ የደም ጠቋሚ የለውም። ኒውሮፊላመንት ላይት የሚባል ሌላ ፕሮቲን በደም ሲለካ የነርቭ ሕዋሳት እየተጎዱ መሆናቸውን ይጠቁማል፤ ከድብርት ለመለየትም ሊያግዝ ይችላል፤ የጉዳቱን ምክንያት ግን አይናገርም፤ በስኳርና በኩላሊት ሕመምም ይጨምራል። ለውጡ ከጠባይ ወይም ከንግግር የጀመረ ከሆነ ይህንኑ ለይተው ለሐኪሟ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ፈውስ ከሌለው ማወቁ ምን ይረባል?

መልስ፦ ፈውስ የለም፤ የሚደረግ ነገር ግን አለ። አሚሎይድን ከአንጎል የሚጠርጉ ሌካኔማብ እና ዶናኔማብ የሚባሉ መድኃኒቶች በአሜሪካ በ2023 እና በ2024 ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ሌካኔማብ በ18 ወራት ጥናት መዳከሙን ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ27 በመቶ አዘግይቷል፤ አላቆመውም፤ የጠፋውንም አልመለሰም። የአንጎል እብጠትና ጥቃቅን መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ በተደጋጋሚ ኤምአርአይ ክትትል ይጠይቃሉ፤ አደጋው አፖኢ 4 የተባለውን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆች ለወረሱ ይበረታል። የሚሰጡት በሽታው በጅምሩ ላይ ላለና አሚሎይድ መኖሩ ለተረጋገጠ ሰው ብቻ ነው፤ የደም ምርመራው የተፈለገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጥቅሙ ለእያንዳንዱ ታካሚ አደጋውንና ልፋቱን ይመጥናል ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞች አሁንም ይለያያሉ። መድኃኒቶቹ በማይገኙበት ቦታ እንኳ ስሙ የታወቀ በሽታ ታካሚው ራሱ ስለ ንብረቱ፣ ስለ ውክልናውና ስለ ወደፊት እንክብካቤው በራሱ አንደበት የሚወስንበትን ጊዜ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ምርመራው በየዓመቱ መደገም አለበት?

መልስ፦ አያስፈልግም። የአንድ ሰው ፒ-ታው ከዓመት ዓመት የሚያሳየው ጥቂት ለውጥ ሰውየው እየባሰበት ወይም እየተሻለው መሆኑን አይናገርም፤ በመለኪያው መዋዠቅም ሊመጣ ይችላል። የበሽታው አካሄድ የሚታወቀው ታካሚው ገንዘቡን፣ ልብሱን፣ ንጽሕናውንና መንገዱን ራሱ ማስተዳደር መቻል አለመቻሉን በየጊዜው በመጠየቅ ነው። ለክትትል ቀጠሮ ሲሄዱ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ከነምሳሌው ጽፈው ይያዙ።